ማብቂያ ቀን ያልተጻፈለት የጨጓራ መድኃኒት

«ኦሜፕራዞል ካንሰር ያመጣል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ በተዘዋወረ ቁጥር አዳማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል። አንደኛው ለወራት ሲውጠው የቆየውን መድኃኒት በአንድ ቀን ይተወዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ቃሩ ከቀድሞው ብሶ ይመለስበታል። ሁለተኛው «እኔ ስንት ዓመት ወስጄዋለሁ፣ ምንም አላደረገኝም» ብሎ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ ፋርማሲ አንድ ስትሪፕ ይጨምራል። ክርክሩ መድኃኒቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ በሚለው ዙሪያ ብቻ ይሽከረከራል፤ እዚያው እስከቆየ ድረስም መልስ አያገኝም።

ለጨጓራና ለአንጀት ችግር የሚታዘዙ መድኃኒቶች አብዛኞቹ ለታለመላቸው ሕመም በደንብ ይሠራሉ፤ ለአጭር ጊዜ ሲወሰዱም ብዙ አያሰጉም። ጉዳቱ የሚገባው በአሰጣጣቸው በኩል ነው፦ በምን ሰዓት፣ ከምን ጋር፣ በተለይም እስከ መቼ እንደሚወሰዱ ሳይነገር ይሰጣሉ። ይህን የመንገር ሥራ በሆስፒታልም በጤና ጣቢያም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በነርሶች ላይ ነው። ሐኪሙ ካዘዘ በኋላ መድኃኒቱን ይዘው ከታማሚው ፊት የሚቆሙት እነሱና የፋርማሲ ባለሙያዎች ናቸውና።

ወሬው ከየት መጣ

የካንሰሩ ወሬ አንድ እውነተኛ መነሻ አለው፤ መነሻው ግን ኦሜፕራዞል አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ራኒቲዲን የተባለው የጨጓራ መድኃኒት በሙሉ ከገበያ እንዲወጣ ጠየቀ። ምክንያቱም መድኃኒቱ በተለይ ሙቀት ባለበት ቦታ ሲቀመጥ በውስጡ ኤንዲኤምኤ የተባለ፣ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ተብሎ የሚታሰብ ኬሚካል እየጨመረ መሄዱ ነው። አውሮፓም በዚያው ዓመት አገደው። ዜናው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ራኒቲዲን» የሚለው ስም ወደቀና «የጨጓራ መድኃኒት» የሚለው ብቻ ቀረ። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚወሰደው የጨጓራ መድኃኒት ኦሜፕራዞል ስለሆነ ጥርጣሬው እሱ ላይ አረፈ።

በኦሜፕራዞልና በዘመዶቹ ላይ የተነሳ የራሳቸው ጥያቄም አለ። ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎችን መዝገብ ያገላበጡ ጥናቶች ከአጥንት ስብራት፣ ከኩላሊት ችግር፣ ከመርሳት በሽታና ከሌሎችም ጋር ግንኙነት አይተዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ጥናት አንድ ድክመት አለበት፦ ለዓመታት የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ከማይወስደው ይልቅ በዕድሜ የገፋና ሌላም ሕመም ያለበት ነው። ስለዚህ ጉዳቱ የመድኃኒቱ ይሁን የሕመሙ መለየት ይቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ትልቅ ሙከራ 17,598 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን የኦሜፕራዞል ዘመድ የሆነውን ፓንቶፕራዞል፣ ለሌላው አስመሳይ ክኒን እየሰጠ ወደ 3 ዓመት ገደማ ተከታተላቸው። ከተፈሩት ጉዳቶች መካከል በግልጽ ጎልቶ የታየው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነበር፤ እሱም መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ 1.4 በመቶ፣ ባልወሰዱት ላይ 1.0 በመቶ ሆኖ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ነው። የጨጓራ አሲድ ግን ከምግብና ከውኃ ጋር የሚገቡ ጀርሞችን ከሚገድሉ የሰውነት መከላከያዎች አንዱ ነው። ታይፎይድና ተቅማጥ በማይርቁበት አገር ያቺ ትንሽ ልዩነት እዚያ ከተለካችው የበለጠ ልትከብድ ትችላለች ብዬ አስባለሁ። ከዓመታት አጠቃቀም በኋላ የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዚየም ማነስ እንደሚከሰትም ይታወቃል። ፍርሃቱ የተጋነነ ነው ማለት መድኃኒቱን ያለ ገደብ መውሰድ ይቻላል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስቱ ዓይነቶችና ሰዓታቸው

የአሲድ መድኃኒቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ አንቲአሲድ ይባላሉ፤ ነጩ ሽሮፕና የሚታኘከው ክኒን ከእነዚህ ወገን ናቸው። ቀድሞ የተመረተውን አሲድ በቀጥታ ያከስማሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያበርዳሉ፤ ቶሎም ያልቃሉ። ማግኒዚየም ያለበት ሆድ ያላላል፣ አሉሚኒየም ያለበት ያደርቃል፤ ሁለቱ አብረው የሚቀመሙትም ለዚህ ነው። ክኒኑ ሳይታኘክ ከተዋጠ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል።

ሁለተኛዎቹ ሂስታሚን የተባለው የሰውነት መልእክተኛ «አሲድ አምርቱ» ብሎ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ይከለክላሉ። ሲሜቲዲን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የመጣ የመጀመሪያው ነው፤ ራኒቲዲንና ፋሞቲዲን ተከተሉት። በተለይ የሌሊቱን አሲድ ይቀንሳሉ፤ በተከታታይ ሲወሰዱ ግን ሰውነት ስለሚለምዳቸው ኃይላቸው ይደክማል።

ሦስተኛዎቹ ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል ናቸው። አሲድ አመንጪዎቹ ሕዋሳት አሲዱን ወደ ጨጓራ የሚገፉበትን ፓምፕ ራሱን ይዘጋሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ መድኃኒቱ የሚይዘው በሥራ ላይ ያለን ፓምፕ ብቻ ነው፤ ፓምፑን ወደ ሥራ የሚያስገባው ደግሞ ምግብ ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ በየአንድ ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከተወሰደ ፓምፖቹ ሲነሱ ደም ውስጥ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። አንዴ የተያዘ ፓምፕ ስለማይለቀቅና ሰውነት አዲስ እስኪሠራ ጊዜ ስለሚወስድ ሥራው ከአንድ ቀን በላይ ይዘልቃል። ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ «ዛሬ ወስጄ ዛሬ አልተሻለኝም» የሚለው ቅሬታ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

አሁን በእጅ የሚሰጠውን እንመልከት። አነስተኛ የወረቀት ፖስታ፣ በላዩ በእስክሪብቶ «1×2»። በቀን ሁለት ጊዜ መሆኑ ይገባል። ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ አይናገርም፤ ስንት ቀን እንደሆነም አይናገርም። በቃል የሚጨመረው «ጠዋት በባዶ ሆድ» የሚለው ነው፤ እሱም ጠዋት ቁርስ ለሚበላ ሰው ብቻ ይሠራል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ክኒኑን ቢውጥ ምግቡ ሲደርስ መድኃኒቱ ከደሙ ወጥቶ አልቋል። ለእሱ ትክክለኛው ሰዓት 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ውኃ መቅመሱ የሚያሳስበው ከሆነ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር መምከር ይቻላል። በረመዳን የሚጾም ከሱሁር በፊት፣ አለበለዚያ ሲያፈጥር በመጀመሪያው ውኃ ወስዶ ዋናውን ምግብ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ማድረግ ይችላል። እንዲህ ያለውን ምክር ለመስጠት «መጀመሪያ የሚበሉት ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች አሲድ እንዳያበላሻቸው የተሸፈኑ ናቸው። መታኘክም መፈጨትም የለባቸውም። መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ካፕሱሉን ከፍቶ ፍሬዎቹን በብርቱካን ጭማቂ ሳይፈጩ መስጠት ይቻላል፤ በወተት ግን አይሆንም። ለአዳማ ሙቀትም አንድ ነገር ልጨምር፦ ኦሜፕራዞል ሙቀትና እርጥበት አይወድም። የመኪና ኪስ ውስጥ የከረመና ፍሬዎቹ ወደ ቡናማ የተለወጡ ካፕሱል መጣል አለበት።

ሲቋረጥ ለምን ይብሳል

መድኃኒቱን በድንገት የተወ ሰው ቃሩ ሲብስበት «ያለ እሱ መኖር አልችልም» ብሎ ይደመድማል። የሚሆነው ይህ ነው፦ አሲዱ ለሳምንታት ሲታፈን ሰውነት ጋስትሪን የተባለውን አሲድ ቀስቃሽ ሆርሞን ይጨምራል፤ መድኃኒቱ ሲነሳ ያ ሁሉ ቅስቀሳ መከልከያ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነ የዴንማርክ ጥናት ምንም የጨጓራ ሕመም ያልነበረባቸው 120 ፈቃደኞች ተሳትፈው ነበር። ለ8 ሳምንት ኢሶሜፕራዞል ከወሰዱት 44 በመቶው ካቆሙ በኋላ የቃር ምልክት ታየባቸው፤ አስመሳዩን ከወሰዱት ግን 15 በመቶው ብቻ። ጤነኛውን ሰው ሳይቀር ለጊዜው የጨጓራ ታማሚ አስመሰለው ማለት ነው።

ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መጠኑን ወደ ግማሽ ማውረድ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ ማድረግ፣ በመሃል የሚመጣውን ቃር በአንቲአሲድ ማስታገስ ይችላል። ለተራ ቃር ከ4 እስከ 8 ሳምንት፣ ለትንሹ አንጀት መግቢያ ቁስለት 4 ሳምንት፣ ለጨጓራ ቁስለት 8 ሳምንት ገደማ የተለመደ ነው። ማቆም የማይገባቸው ሰዎችም አሉ፦ የጉሮሮ ቧንቧቸው በአሲድ ክፉኛ የቆሰለ፣ ወይም ቀድሞ ጨጓራቸው ደምቶ ለልብ ሲባል በየቀኑ አስፕሪን የሚወስዱ። ለእነዚህ ሰዎች የማኅበራዊ ሚዲያው «ጣሉት» የሚል ምክር የሚያደማ ምክር ነው።

ማብቂያው ከሚጠፋባቸው ቦታዎች አንዱ የሆስፒታል መውጫ ነው። በጠና ታሞ የተኛ ሰው ጨጓራው እንዳይቆስል በመርፌ ሲሜቲዲን ወይም ኦሜፕራዞል ይጀመርለታል። ሲሻለው ምክንያቱ ያልቃል፤ መድኃኒቱ ግን በመውጫ ማዘዣው ላይ አብሮ ይወጣና ቤት ይገባል። በካርዱ ላይ «ለምን፣ እስከ መቼ» የሚል አንድ መስመር ቢጻፍ፣ ወይም ነርሷ ታማሚውን ስታሰናብት ያንን ብትጠይቅ ጉዳዩ እዚያው ይቆማል።

ፓይሎሪ፦ ከምርመራው የሚጀምር ግራ መጋባት

ኤች ፓይሎሪ የጨጓራን ግድግዳ የሚያስቆጣ ባክቴሪያ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከቁስለት ጋር ያለውን ግንኙነት አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል። ቢሆንም ከተያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ቁስለት ሳይዛቸው ይኖራሉ።

ችግሩ የሚነሳው ከደም ምርመራው ነው። ይህ ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። አንቲቦዲው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ታክሞ የዳነ ሰው እንደገና ሲመረመር «ፖዘቲቭ» ይባልና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዙር ይጀምራል። መዳንን ለማረጋገጥ የሚሻለው ባክቴሪያውን ራሱን የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ እሱም ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። ኦሜፕራዞል እየወሰዱ የሚደረግ ምርመራ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ይህን ቀጠሮ ለታማሚው መንገር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያልተነገረው ሰው ግን ገንዘቡንም ጊዜውንም በከንቱ ያባክናል።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፣ አሞክሳሲሊን 1 ግራምና ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም፣ ሁሉም በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው አሞክሳሲሊን አይወስድም፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው። ክላሪትሮማይሲን አፍን መራራ ያደርጋል፤ ሦስቱ ተደምረው ሆድ ያላላሉ። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ በአምስተኛው ቀን ይተወዋል። የተረፈው ባክቴሪያ ደግሞ መድኃኒቱን የተላመደው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ክላሪትሮማይሲንን የተላመደ ፓይሎሪን አዲስ መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር።

አብረው የሚዋጡት

ከአዳማ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ የከባድ መኪና ሹፌር ወገቡ ሲያመው ዲክሎፌናክ ይውጣል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን በሚያስታግሱበት መንገድ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገርም ይቀንሳሉ። መርፌው ይሻላል የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ ጉዳቱ በደምም በኩል ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ኦሜፕራዞል ብቻ ተሰጥቶት ዲክሎፌናኩ ካልተጠየቀ መንስኤው አብሮት ይጓዛል።

ሌላው ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚፈጠረው ግጭት ነው። አንቲአሲዶች ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ጨጓራ ውስጥ ይዘው እንዳይሰርጹ ያደርጋሉ። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ከአንቲአሲድ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት፤ አለበለዚያ መጠኑ ይወርዳል። ነጩን ሽሮፕ እንደ ቀላል ነገር ለሚገዛ ሰው ይህ በፍጹም አይታወቀውም፤ ሕመሙን በሰው ፊት መናገር ስለማይፈልግም በመስኮት በኩል ሲጠየቅ ዝም ሊል ይችላል። ገለል ያለ ቦታ መጠየቅ እዚህ የመድኃኒት ደኅንነት ጉዳይ ነው። ኦሜፕራዞል ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ክሎፒዶግሬል የሚሠራውን ሥራ ይቀንሳል፤ ብረት በደንብ እንዳይሰርጽም ያደርጋል። ሲሜቲዲን ደግሞ የዋርፋሪንን (ይህም ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ነው) እና የፌኒቶይንን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል።

ተቅማጥና ማስመለስ

የማስመለስ ማስታገሻው ሜቶክሎፕራሚድ፣ በተለምዶ ፕላሲል፣ የጨጓራን እንቅስቃሴ ያፋጥናል፤ አንጎል ውስጥም ዶፓሚን የተባለውን መልእክተኛ ይከለክላል። ከዚህ የተነሳ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ አንገት ሊያጣምም፣ ዓይንን ወደ ላይ ሊሰቅል፣ መንጋጋን ሊቆልፍ ይችላል። ቤተሰብ የሚጥል በሽታ ወይም ልክፍት ሊመስለው ይችላል፤ ተገቢው መርፌ ሲሰጥ ግን ቶሎ ይለቃል። በደም ሥር ሲሰጥ ቢያንስ 3 ደቂቃ ወስዶ ቀስ ብሎ መገፋት አለበት። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ5 ቀን በላይ እንዳይሰጥ መክሯል።

ተቅማጥ ላይ ዋናው መድኃኒት ማቆሚያው አይደለም። ሎፔራሚድ አንጀትን ያዘገያል እንጂ ጀርሙን አያስወጣም፤ ደም ላለበት ተቅማጥና ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ሕይወት የሚያተርፈው ብዙዎች ለምለም የሚሉት ኦአርኤስ ነው። አንዱ ከረጢት ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሙሉውን መጨመር ጨውን በእጥፍ ያበዛና ሕፃኑን ይጎዳል፤ በግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ለክቶ በአንድ ዕቃ መበጥበጥ መፍትሔ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ዚንኩም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል፦ ከ6 ወር በላይ ለሆነ 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች 10 ሚሊግራም።

ያለ ማዘዣ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ

አንዳንድ የጤና ባለሙያዎች ኦሜፕራዞል ያለ ማዘዣ መሸጡ ፈጽሞ መቆም አለበት ይላሉ፤ ከባድ በሽታ ተሸፍኖ ይቆያልና። ሌሎች ለአንድ ቃር ሙሉ ቀን ሰልፍ መዋል፣ የካርድና የምርመራ ገንዘብ ማውጣት የማይችለው ሕዝብ ይጎዳል ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በአሜሪካ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል መያዣው ላይ ለ14 ቀን ብቻ፣ ያውም በየ4 ወሩ ከአንድ ጊዜ ላልበለጠ ተብሎ ተጽፎበታል። እኔ የሚሻለው ይህኛው መንገድ ነው እላለሁ፦ መከልከል ሳይሆን ገደቡን በአማርኛና በኦሮምኛ ፖስታው ላይ መጻፍ። ነርሶች በሥራ ብዛት ጊዜ የላቸውም የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ስለዚህም በየታማሚው ከማስረዳት ይልቅ የታተመ አጭር ማስታወሻ መለጠፍ ሸክሙን ያቀልላል።

ጨጓራ ያልሆነው ጨጓራ

በዚህ ሁሉ መካከል ለክኒን ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ (የብረት ክኒን የሚወስዱ ሰዎችም ሰገራቸው ይጠቁራል፤ መለየት ያስፈልጋል)፣ ደም ማስመለስ፣ ሳይታሰብ መክሳት፣ የደም ማነስ። ደረት ላይ የሚሰማ ማቃጠል ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ ከሚወርድ ሕመም ጋር ከመጣ ልብ ሊሆን ይችላልና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ለአዳማና ለአካባቢዋ ደግሞ ተለይቶ መነሳት ያለበት የመዋጥ ችግር ነው። የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ በተዘረጋ ቀጠና ውስጥ በብዛት ይታያል፤ በአገራችን አርሲና ባሌ በዚህ የታወቁ ናቸው። የአርሲ ሰው ለሕክምና አዳማ መምጣቱ የተለመደ ነው። በሽታው የሚጀምረው እንጀራው ደረት ላይ ቆም ሲልና በውኃ ሲገፋ ነው፤ ከዚያ ገንፎና ሾርባ ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ይመጣል። ታማሚው ይህን «ጨጓራ» ብሎ ይነግራል፤ ኦሜፕራዞልም ማቃጠሉን ለጊዜው ሊያስታግስለት ይችላል። «ሲውጡ ይይዝዎታል?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ከተጠየቀና መልሱ አዎ ከሆነ የሚሰጠው ሌላ ስትሪፕ ሳይሆን ወደ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የጉሮሮ ቧንቧንና ጨጓራን ወደሚያይ ምርመራ) የሚልክ ሪፈር ነው።